የደጋ ፖምፕ፣ የቆላ አየር

ፖምፕ ቤት የሚመጣ የፒካፕ ባለቤት ትእዛዙ አንድ ነው፤ «እንዳይበላ፣ ግን እንዲጎትት አድርግልኝ።» ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ የእፍረት ምልክት አይታይም። ሳይበላ የሚያርስ በሬ ፍለጋ ገበያ የወጣ ገበሬ መሳቂያ ይሆናል። ናፍጣ ሳይጠጣ ጭነት የሚያወጣ ሞተር በሚጠይቅ ሰው ላይ ግን መካኒኩ እንኳ አይስቅም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እናየዋለን» ይላል። የዚህች ቃል ትርጉም መኪና ላለው ሁሉ ግልጽ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ምናልባትም ሦስት።

የዚህ ወግ ባለታሪክ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲሰጥበት የኖረ አንድ ሃይሉክስ ነው። ነጭ ነው የሚለው ሊብሬው ነው፤ ዓይን የሚያየው በበጋ አቧራ፣ በክረምት የኢታንግን ጥቁር ጭቃ ነው። ታርጋውን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ወንድሞቹ ብዙ ናቸው። ጋምቤላ ከተማ ባሮ ድልድይ አጠገብ ትንሽ የቆመ ሰው አንዱን ማየቱ አይቀርም። ሥራው ከከተማው ሸቀጥ ጭኖ ትየርኪዲ ማድረስ፣ ከዚያም የተገኘውን ጭኖ መመለስ ነው። ወዲያና ወዲህ ሲደመር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ትየርኪዲ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ በፓጋክ በኩል ድንበር ተሻግሮ የመጣው ሕዝብ ማረፊያ እንዲያገኝ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ተከፈተ። ጎረቤቱ ኩሌ ጥቂት ወራት ቆይቶ ተከተለ። «መጠለያ» ሲባል የሰንበት እንግዳ ያስመስለዋል እንጂ፣ ከአስር ዓመት በላይ የኖረ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለበት፣ እዚያው ተወልደው ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች የሚሯሯጡበት ስፍራ በተግባር ከተማ ነው። ከተማ ደግሞ ስኳር ይፈልጋል፤ ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ የስልክ ቻርጀር፣ ለስላሳ መጠጥ ይፈልጋል። እህሉን በትልልቅ መኪና የሚያመጡ ድርጅቶች አሉ። ቻርጀሩንና ሽንኩርቱን የሚያመጣው ግን ሃይሉክሱ ነው።

በዚሁ መንገድ ላይ እሱን አቧራ እያለበሱ የሚያልፉ የእርዳታ ድርጅቶች ላንድክሩዘሮች አሉ። ከእነሱ መሀል ብዙዎቹ አፍሪካን ከመርገጣቸው በፊት በሜዲትራኒያን አፍ ላይ ባለችው በጂብራልታር በኩል ያለፉ ናቸው። እዚያ ቶዮታን ለእርዳታ ሥራ የሚያሰናዳ ድርጅት አለ፤ ሽቅብ የቆመውን የአየር መሳቢያ ቱቦ፣ የሬዲዮውን ረጅም አንቴና፣ ተጨማሪውን ሰልባትዮ በልኩ ገጥሞ ይልካቸዋል። ሃይሉክሱ ጂብራልታርን አያውቅም። የእሱ ጂብራልታር ብየዳ ቤት ነው።

ብየዳ ቤት የተደረገለት ነገር ቢዘረዘር እንደ ጥሎሽ ይረዝማል። መጀመሪያ ከኋላ ሁለት ሁለት ባሌስትራ ተደረበለት፤ ከዚያ በኋላ ባዶውን ሲሄድ እንደ ፌንጣ ይዘል ጀመር። ስፖንዳው በብረት ከፍ ተደረገ፤ ከፍ ሲል ሾፌሩ የሚጭነውም ከፍ አለ። ጋቢናው አናት ላይ ፖርቶመጋላ ተሠራ፤ ፊት ለፊት የባቡር ሐዲድ የሚመስል ፓራውልት ተበየደ። ለምን ተብሎ ቢጠየቅ «ለከብት» ይላል ሾፌሩ። ከብቶቹ መንገድ ላይ ቆመው ሲያዩት የሚፈሩት የትኛውን እንደሆነ አይታወቅም፣ ፓራውልቱን ይሁን ጭሱን። በመጨረሻም ጎማው በትልቅ ጎማ ተለወጠ። ስለ ጎማው ኋላ እንመለስበታለን፤ ብዙ ጣጣ አለው።

እዚህ ላይ ስለ ጋራዥ ቋንቋ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። በ1933 ዓ.ም. ከአገር የተባረረው ጣልያን ከጋራዥ አልወጣም። ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፤ ሁሉም እስካሁን እየሠሩ ናቸው። የጋምቤላ መካኒክ ሚላኖ ሄዶ ቢጠፋ ዳቦ መጠየቅ ያቅተዋል፤ ካምቢዮ አውርድ ቢሉት ግን ያወርዳል። እንግሊዝኛ ዘግይቶ ስለደረሰ ያገኘው ቦታ ጥቂት ነው።

ወደ ሞተሩ እንግባ። ኮፈኑ ስር ያለው ስሪ ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው። አራት ሲሊንደር፣ 2,779 ሲሲ፤ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። በወጣትነቱ 90 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው፤ ከፈረሶቹ መሀል አንዳንዶቹ ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው። በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ 2,800 ሊትር የሚጠጋ አየር ይስባል። ሰው ስለ ሞተር ሲያወራ የሚያወራው ስለ ናፍጣ ነው፤ ምክንያቱም ለናፍጣ ይከፈላል። ሞተሩ ራሱ ግን በብዛት የሚበላው አየር ነው።

አየር ኪሎ አለው ወይ ለሚል አንባቢ፤ አለው። 1 ሊትር ናፍጣ አጥርቶ ለማቃጠል 12 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። ይህን ያህል አየር በባሕር ጠለል ላይ በበርሜል ቢሰፈር 50 በርሜል ገደማ ይሞላል። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,350 ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ያው 12 ኪሎ 67 በርሜል ይወስዳል። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ ሙቀቱ አየሩን ቢያሳሳውም 57 በርሜል ይበቃዋል። የሞተሩ ሳንባ ግን የትም ቢሄድ ያው 2,779 ሲሲ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ የሚያለከልከው ሃይሉክስ ጋምቤላ ሲወርድ በአንድ ትንፋሽ ከ15 በመቶ በላይ የሚበልጥ አየር ያገኛል። ከፍለህ ግዛ ያለው የለም፤ ነፃ ነው።

ሃይሉክሱ የተገዛው አዲስ አበባ ነው። ፖምፑም እዚያው ተስተካክሏል። የአዲስ አበባ ፖምፕ ቤቶች መካኒክ ባለሙያ ነው፤ ፖምፑን አውልቆ በመሞከሪያ ማሽን ላይ ያስረዋል፣ ከየቱቦው በየብርጭቆው የሚወርደውን ናፍጣ እያየ አራቱ ሲሊንደሮች እኩል እንዲጠጡ ያደርጋል። ልክ እንደ ጠላ ቤት፤ ለአንዱ ሞልቶ ለሌላው አጉድሎ የተቀዳ ቀን ጠብ አይቀርም። ከዚያም በሳሳው የደጋ አየር እንዳያጨስ ናፍጣውን በልኩ ያስረዋል።

እንግዲህ ይህ ፒካፕ በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱ አድርጎ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ወጣ። ጎሬ ሲደርስ ገና 2,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደጋ ነው፤ ሾፌሩ ጋቢ ለብሷል። ከጎሬ በኋላ መንገዱ በቡሬ በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ መስኮቱ ይከፈታል፣ ጋቢው ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሸሚዙ። ጋምቤላ ሲደርስ ሞተሩ ሌላ ሞተር ሆኗል። ይቀላል፣ ይፈጥናል፣ አያጨስም። ሾፌሩ ምስጋናውን ለሦስት አከፋፈለ፤ ለፈጣሪ፣ ለአዲስ አበባው መካኒክና መንገድ ላይ ለቀየረው ዘይት። አየሩን ያመሰገነው የለም።

ይህን ቁልቁለት ከሃይሉክሱ በፊት ቡና የጫኑ በቅሎዎችና ተሸካሚዎች ያውቁታል። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከፈቀዱ በኋላ ጋምቤላ ወደብ ሆነች። የጎሬ ቡና በሰውና በከብት ጀርባ ይወርዳል፤ ከዚያ በእንፋሎት መርከብ በባሮ፣ በሶባትና በነጭ ዓባይ አድርጎ ካርቱም ይገባል። መርከቦቹም የየራሳቸው «ማስተካከያ» ነበራቸው፤ ባሮ ሞልቶ ካልጠበቃቸው በቀር መምጣት አይችሉም። በበጋ የተያዘ መርከብ ክረምት እስኪገባ አሸዋ ላይ ተጎልቶ ይከርማል። የንግድ ጣቢያው ሱዳን ነፃ እስከወጣችበት እስከ እ.ኤ.አ. 1956 ድረስ ቀጠለ። ተሸካሚዎቹን ከሃይሉክሱ ጋር እናወዳድር ካልን፣ 1 ሊትር ናፍጣ ውስጥ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለ። ስሪ ኤልን የመሰለ ሞተር ከዚያ ሲሶ የሚሆነውን ወደ ጎማ ቢያደርስ የአምስት ብርቱ ተሸካሚዎችን የቀን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። የቀረው ሁለት ሦስተኛ በራዲያተርና በማርሚታ እየወጣ ጋምቤላን ያሞቃል። ጋምቤላ ሙቀት ጎደለኝ ያለች ይመስል።

የሰው ልጅ ነፃ ነገር ሲያገኝ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሾፌሩ ሞተሩ አለማጨሱን ሲያይ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ የማያጨስ ሞተር ገና መጠጣት ይችላል። ከተማው ውስጥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሰውን ሁሉ በመኪናው ስም ነው የሚጠሩት።

«ጋሼ፣ እስቲ ናፍጣውን ትንሽ ይክፈቱልኝ፤ ጉልበት አንሶታል።»

«አንተ ሃይሉክስ፣ ባለፈው ቆጣቢ አድርግልኝ ብለህ አልነበር?»

«እሱንም አይተዉት ጋሼ።»

የናፍጣው ብሎን ፖምፑ ላይ አንድ ጎን የተቀመጠች ትንሽ ነገር ናት። ሲሶ ዙር ወደ ውስጥ ከገባች ሞተሩ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ጋሼ ብሎኗን አንድ እህል ታህል አስገቧት። በዚያ ሳምንት ሃይሉክሱ 25 ኩንታል ጭኖ እንኳ ማርሽ ሳይቀንስ ሄደ ብሎ ሾፌሩ ማለ። (ኩንታሉን የቆጠረው ራሱ ነው፤ በመሐላው ውስጥ ቢያንስ አስሩ የጉራ ነው።)

ጣጣው የመጣው ወደ መቱ ጭነት ሲገኝ ነው። ከባሮ ተነስቶ ወደ ጎሬ ሲወጣ በየመቶ ሜትሩ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ ብሎኗ ግን የት እንዳለች አታውቅም። ፖምፑ መልክዓ ምድር አልተማረም። አንዳንድ የቶዮታ ፖምፖች ከፍታ ሲጨምር ናፍጣ የሚቀንስ መሣሪያ ነበራቸው፤ የዚህ ግን ወይ ከመጀመሪያውም አልነበረውም፣ ወይ ከቀድሞ ባለቤቶቹ አንዱ አያስፈልግም ብሎ አንስቶታል። ሃይሉክሱ ከኋላው የሚመጣውን ሚኒባስ ሙሉ ለሙሉ እስኪሸፍን ድረስ ጥቁር ጭስ እያፈነዳ ወጣ። ከሚኒባሱ የወረዱ ሰዎች ያሉት እዚህ አይጻፍም።

ጥቁር ጭስ የውርደት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ የተከፈለበት ናፍጣ ነው፤ ሰማይ ላይ የተበተነ ብር። ከዚያም አልፎ በትርፍ ናፍጣ ሽቅብ ሲታገል የቆየ ሞተር ውስጡ ይግላል። ፒስተኑ የተሠራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ከዚያ በላይ መድረስ አያቅተውም። ፒስተን የቀለጠበት ሰው «ጉልበት ጨምሮ ነበር» ብሎ ሲያወራ በትዝታ ድምፅ ነው።

ጭስ ማንበብ በጋምቤላ ሾፌሮች ዘንድ ትልቅ ዕውቀት ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል፣ ወይም አየሩ አንሷል፣ ብዙ ጊዜም የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል። ነጭ ከሆነ ናፍጣው ሳይነድ እየወጣ ነው፤ ኖዝሉ ደክሟል። ወይም ደግሞ ፈጣሪ አያድርገውና የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ውሃ ገብቷል። ሰማያዊ ከሆነ የሚቃጠለው ዘይት ነው፤ ቀለበቶቹ አልቀዋል፤ ያኔ ሾፌሩ ጭሱን ማየት ትቶ መኪናውን ለመሸጥ ደላላ መፈለግ ይጀምራል። ትየርኪዲ ውስጥ ይህን ትንተና ከሾፌሩ በላይ በጥሞና የሚያዳምጡት ኑዌር ሽማግሌዎች ናቸው። የቀለም ነገር ይገባቸዋል። ኑዌሮች የከብትን መልክ፣ ነጠብጣቡንና ዝንጉርጉሩን፣ የሚገልጹባቸው ቃላት ብዛት እንግሊዛዊውን የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድን ያስደነቀ ነው፤ ወጣቱም በሚወደው በሬ መልክ ይጠራል። እንዲህ ላለ ሕዝብ ሦስት ዓይነት ጭስ ብቻ ያለው መኪና ድሃ ከብት ነው። አንዱ ሽማግሌ ሃይሉክሱን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ በልጃቸው አስተርጓሚነት የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ይህን ሁሉ ጠጥቶ ወተት አይሰጥም?»

አሁን ወደ ጎማው እንመለስ። ትልቁ ጎማ ሲገጠም ሾፌሩ ሁለት ነገር አየ፤ መኪናው ከፍ ብሎ አማረ፣ ናፍጣ ደግሞ መብላት አበዛ። ሁለተኛው ግማሽ እውነት ግማሽ ውሸት ነው። የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ መንገድ አይቆጥርም፤ የጎማ ዙር ነው የሚቆጥረው። ድሮ 70 ሳንቲ ሜትር የነበረ ጎማ 77 ሆነ እንበል፤ በአንድ ዙር የሚሸፍነው መንገድ በ10 በመቶ አደገ። ቆጣሪው 100 ሲል መኪናው የሄደው 110 ነው። ሾፌሩ ግን በ100 እያካፈለ «በላ!» ይላል። ፍጥነቱም እንዲሁ ነው፤ መርፌው 80 ላይ ሆኖ እሱ 88 እየሄደ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያቆመው በእናቱ ስም ይምላል፣ ያለ ሐሰትም ነው የሚምለው። የእውነት የበላው ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ትልቅ ጎማ ከባድ ነው፤ ማርሹን ሁሉ ያረዝመዋል። ድሮ በአራተኛ የሚወጣትን ዳገት አሁን በሦስተኛ ይወጣታል፤ በሦስተኛ ይወጣት የነበረውን በሁለተኛ። ጉልበት ፍለጋ የተገዛ ጎማ ጉልበት ወሰደበት። ያንን ለመመለስ ወደ ጋሼ ሄዶ ብሎኗ ሌላ እህል ታህል እንድትገባ አደረገ። ብሎኗ ናፍጣ ወሰደች። ናፍጣውን ለመመለስ ጭነት ጨመረ። ጭነቱን ለመሸከም አንድ ባሌስትራ አስደረበ።

ፖርቶመጋላውም የራሱ ድርሻ አለው፣ ባዶውን ሲሄድ እንኳ። ነፋስ ፍጥነት ሲጨምር በእኩል አይጨምርም፤ ከ80 ወደ 100 የሄደ መኪና የሚገፋው የአየር ኃይል ከግማሽ በላይ ያድጋል። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ያ የብረት አልጋ እንደ ዋሽንት ያፏጫል። ረዳቱ ፉጨቱን ወዶታል፤ ፍጥነታቸውን በእሱ ነው የሚያውቀው።

ቁጠባ የሚለካበት መንገድም ራሱን የቻለ ወግ ነው። የነዳጁ መርፌ ግማሽ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች፤ ሲሞላም ግማሽ፣ ሲያልቅም ግማሽ። ሾፌሩ በሊትር አያስብም፤ በብር ነው የሚያስበው። «በ1,000 ብር ትየርኪዲ ደርሼ እመለሳለሁ» ማለት ለእሱ ሙሉ ሳይንስ ነው። ችግሩ ብሩ ራሱ አለመቆሙ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማብቂያ የአዲስ አበባ የናፍጣ ዋጋ በሊትር 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ጨመረ። ጋምቤላ ደግሞ ከጅቡቲ ተነስቶ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ ናፍጣ ነው የምትጠጣው፤ ለማጓጓዣውም ይከፈላል። ስለዚህ የሾፌሩ መኪና ብሎን ሳይነካ፣ በቆመበት፣ በየመንፈቁ «መብላት ያበዛል»። እሱም ዋጋ በጨመረ ቁጥር ጋሼ ዘንድ ይሄዳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክፍያው በስልክ ስለሆነ ማደያው ላይ ኔትወርክ ይጠበቃል። ናፍጣ ከጠፋ ግን በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጥበት ሰፈር አለ፤ ዋጋው ሌላ፣ ቀለሙም ሌላ። ከሃይላንድ የተቀዳ ናፍጣ ውስጥ ውሃ ካለ ኖዝሉ መጀመሪያ ይታመማል።

ጉልበትንና ቁጠባን ባንድ ላይ መፈለግ የጋምቤላ ሾፌር ሞኝነት ነው የሚል ካለ ትንሽ ዞር ብሎ ጀርመን አገር ይይ። ሩዶልፍ ዲዝል ስሙን ያወረሰውን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1897 ሲያስመረምር ከነዳጁ ጉልበት 26 በመቶውን ወደ ሥራ ቀየረ፤ ያን ጊዜ ተአምር ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የዚያው አገር ኩባንያ ቮልስዋገን ጉልበት ያለው፣ ቆጣቢና ንጹሕ የናፍጣ መኪና ሠራሁ ብሎ ለዓለም አወጀ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ጉዱ ወጣ። በ11 ሚሊዮን መኪኖች ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ምርመራ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ጨዋ ይሆናል፤ መንገድ ላይ ሲወጣ የሚለቀው ናይትሮጂን ኦክሳይድ ግን ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። ጋሼ ይህን ከሬዲዮ ሲሰሙ አልተገረሙም። «ቦሎ ሊያስለጥፍ የመጣ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አሉ፤ «ለምርመራው ቀን ብሎኗን እናወጣታለን፣ በማግስቱ እናስገባታለን። እነሱ በኮምፒውተር አደረጉት፣ እኛ በካቻቢቴ።»

አሁን አሁን ከአዲስ አበባ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ ወጣትም አለ። አዲሶቹ ፒካፖች ብሎን የላቸውም፤ ናፍጣው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት በኮምፒውተር ትእዛዝ ይረጫል። ወጣቱ ገመዱን ሰክቶ ቁጥር ይለውጣል፤ ባለቤቱ ከፍሎ ይሄዳል። ጋሼ ቆመው ያዩታል። የሚያናድዳቸው ነገር ክፍያው አይደለም፤ እጁ አለመቆሸሹ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለክልና ወደ ኤሌክትሪክ ተመለሱ ሲል የሃይሉክሱ ባለቤት ወሬውን እንደሰማ የሠራው አንድ ሥራ ነው፤ የመኪናውን ዋጋ በአፉ ከፍ አደረገ። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ለእሱ ጎሬም ጋምቤላም አንድ ነው። ጋሼ ግን አልሰጉም። «ቻርጅ እንዳይበላ፣ ግን እንዲጎትት አድርግልኝ የሚል ይመጣል» ይላሉ።

እንግዲህ በአንድ ወቅት ሃይሉክሱ እውነትም ቆጠበ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሾፌሩ ጋሼ ዘንድ ሄዶ «ጋሼ፣ በቃኝ፤ ጨርሶ በላኝ፤ እስቲ እንደሚሆን ያድርጉት» ብሎ መኪናውን ትቶ ሄደ። «እናየዋለን» አሉት። በዚያው ቀን ፖርቶመጋላው ተሰንጥቆ ስለነበር ተፈትቶ ብየዳ ቤት ቀረ። በማግስቱ ደግሞ ከመቱ የመጡት አማቱ ትየርኪዲ ውስጥ የምትሠራ ልጃቸውን ሊጠይቁ ፈለጉ። አማት የሚሳፈሩበት መኪና እንዲሁ አይቀርብም፤ መኪናው ታጠበ፣ የአየር ፊልትሮው ወጥቶ በኮምፕሬሰር ተነፋ፣ እያነሰ የከረመው የጎማ ንፋስ በልኩ ተሞላ። ሸቀጥ አልተጫነም፤ እሳቸው ከሽንኩርት ጋር ሊሄዱ? ጋቢናው ውስጥ እንደ ንግሥት ተቀመጡ፤ ኢታንግ እስኪደርሱ ድረስ መርፌዋ ከ60 ብዙም አላለፈችም። አንዴ 65 ስትደርስ አማት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መርፌዋ ተመለሰች። ፔዳሉን እንደ እንቁላል እየረገጠ ሄደ፣ እንደ እንቁላል እየረገጠ ተመለሰ።

ማታ ናፍጣውን በእንጨት ለካ፤ ደገመ፤ ረዳቱን ጠርቶ አስለካ። ሲሶ ያህል ተርፏል። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም፤ የሚተርፈውን ብር በወር፣ ከዚያም በዓመት አባዛው።

ሲነጋ ጋሼ ገና ጋራዡን ሳይከፍቱ በር ላይ አገኙት።

«ጋሼ! ምን አድርገውት ነው? እጅዎ ይባረክ! ያቺን ብሎን እንዴት እንዳደረጓት አላውቅም፤ እስቲ ያንኑ ትንሽ ይድገሙልኝ!»

ጋሼ በዚያ ቀን ቁልፉ ጠፍቶባቸው ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱትም ነበር። ሾፌሩ በእጁ የያዘውን ብር አዩ፣ ሃይሉክሱን አዩ፤ ባዶ አናቱን፣ የታጠበ ጎኑን፣ የሞላ ጎማውን። ጨርቃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ንጹሕ እጃቸውን ጠረጉ።

«እናየዋለን» አሉት።